ካክተሴ ከሥሩ በስብሶ ተገነጠለ! ላዩን ማትረፍ ይቻላል?

የእናቷ ልጅ (ጠያቂ)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እናቴ የሰጠችኝ ካክተስ አጎንብሶ አገኘሁት። ቀና ላደርገው ስል ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እጄ ላይ ተገነጠለ። ከሥር ቡናማ ሆኖ ለስልሷል፣ ይሸታል። ላዩ ግን አረንጓዴና ጠንካራ ነው። የተገነጠለውን እንደ ጽጌረዳ ውሃ ውስጥ አቁሜዋለሁ። ልክ ነኝ? 10 ዓመት አብሮን የኖረ ነው። ሌላ ግዢ አትበሉኝ፣ ይህንኑ ነው የምፈልገው።

ፀሐይ መውጫ
አይዞሽ። ከውሃው አውጪው። አድርቀሽ ትከዪው፣ ይበቅላል።

የጓሮው ሽማግሌ
ልጄ፣ መጀመሪያ ተክሉን እወቂው። ካክተስ ከአንድ ዝርያ በቀር የአሜሪካ አህጉሮች ተክል ነው። እሾሁ ድሮ ቅጠል የነበረ ነው። ዝናብ ሲያገኝ ግንዱ ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል፣ ከዚያ ለወራት በእሱ ይኖራል። ሰው ግን አዘንኩለት ብሎ በየቀኑ ያጠጣዋል። አፈሩ ሲጨቀይ ሥሩ አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል። ካክተስ በጥማት ከሚሞት ይልቅ በውሃ የሚሞተው ይበዛል። በተለይ በሐምሌና በነሐሴ።

የእናቷ ልጅ
ጋሼ፣ ያሉት ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። አሁን እጄ ላይ ያለውን ግን ምን ላድርገው?

ከመቀሌ
እኛ ጋ በለስ እኮ አንዱ ቅጠሉ መሬት ላይ ቢወድቅ ራሱ ሥር ይሰዳል። አጥር የምናደርገው እንደዚያ ነው። ምንም አትጨነቂ።

ፀሐይ መውጫ
አልኩሽ እኮ። አድርቀሽ ትከዪው።

ቦሌ በረንዳ
ቀረፋ ፈጭተሽ ቁስሉ ላይ ነስንሺበት። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

እሾህና አበባ
ቆይ፣ ካክተስ መሆኑን በምን አወቅሽ? ሲገነጠል የወጣው ነጭ ወተት ነው ወይስ ጥርት ያለ ውሃ?

የእናቷ ልጅ
ወተት ነው። እጄ ሁሉ ተጣብቋል። የሸጠላት ሰው ግን ካክተስ ነው ብሏታል።

ሳቂታው
ወተት ካለውማ ማኪያቶ ጋብዥን 😂

እሾህና አበባ
ወንድሜ፣ በዚህ አይቀለድም። እህቴ፣ አሁኑኑ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ዓይንሽን እንዳትነኪ። ያ ካክተስ ሳይሆን የቁልቋል ዘመድ ነው። ልጆች ሆነን "የቁልቋል ወተት ዓይን ያጠፋል" ይሉን የነበረው በከንቱ አይደለም። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠቡ ወዲያው ሐኪም ጋ ነው። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ አርቂው። እንደገና ስትቆርጪው ጓንት አድርጊ።

የእናቷ ልጅ
ታጠብኩ። እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ አይተርፍም ማለት ነው?

ፑሚስ
ይተርፋል። አብዛኛው ሥራ ከካክተስ ጋር አንድ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ አትርፌያለሁ።
ቢላውን በአልኮል ጥረጊ። ከተበላሸው ከፍ ብለሽ ቁረጪ፣ ውስጡን እዪው። መሃሉ ላይ ቡናማ ነጥብ ወይም ቀለበት ካለ ብስባሹ ገና አላለቀም። ቢላውን እንደገና ጠርገሽ አሁንም ከፍ በዪ። ሁሉም ንጹሕ እስኪሆን አትዘኚለት፣ ትንሽ ቡናማ ከቀረ በኋላ ሁሉንም ይበላዋል። ወተቱ እስኪቆም ቁስሉን በውሃ አጥቢው። ከዚያ ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያገኘው ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። ቢያንስ 2 ሳምንት፣ ግንዱ ወፍራም ከሆነ 3። በዚህ ክረምት ቶሎ አይደርቅም። ቁስሉ እንደ እከክ ሲጠነክር ነው የሚተከለው። ቀረፋውን ብትፈልጊ አድርጊ፣ ዋናው ግን መታገስ ነው።
አፈሩ ግማሹ ፑሚስ ይሁን፣ ብሎኬት የሚሠሩበት ቀላሉ ድንጋይ። ካጣሽ ሻካራ የወንዝ አሸዋ። ፍግ አታብዢ። እንዳይወድቅ በእንጨት ደግፊው። ሲተከል ውሃ አታጠጪ። ከሳምንት በኋላ ትንሽ፣ ከዚያ አፈሩ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ብቻ። ከወር በኋላ ቀስ ብለሽ ሳብ አድርጊው። እምቢ ካለሽ ሥር ይዟል። የነበረበት ዕቃ ከታች ቀዳዳ ነበረው?

የእናቷ ልጅ
የለውም። ሴራሚክ ነው፣ በጣም ያምራል። ግን ከታች ጠጠር አድርጌበታለሁ።

ፑሚስ
በቃ፣ ምክንያቱ እሱ ነው። ጠጠሩ ውሃውን አያስወጣውም፣ እዚያው ሥሩ ሥር ያጠራቅመዋል። ሴራሚኩን ከወደድሽው ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ውስጥ ትከዪና ከነፕላስቲኩ እዚያ አስቀምጪው። ካጠጣሽ በኋላ የተጠራቀመውን ድፊው።

የእናቷ ልጅ
ሁለት ጊዜ ከፍ ብዬ ቆረጥኩት፣ አሁን ውስጡ ንጹሕ ነው። አንድ ክንድ ያህል ቀርቶታል። መደርደሪያ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ አስተኝቼዋለሁ። ለእናቴ ገና አልነገርኳትም።

ከመቀሌ
አትንገሪያት። ሥር ሲያወጣ ይዘሽላት ሂጂ።

ፀሐይ መውጫ
አድርቀሽ ትከዪው ብዬ ነበር 🙂

አዲስ ገቢ (መስከረም ላይ)
እህቴ፣ ከምን ደረሰ? ሥር ያዘ? የእኔም ዛሬ ከሥሩ ለስልሶ አገኘሁት። ወተት የለውም፣ ጥርት ያለ ውሃ ነው የሚወጣው።