የፒካፗ የፊት መብራት ደከመ፤ ዛሬ ማታ መውጣት አለብኝ!

ባለ ጭነቱ፦ ሰላም ቤተሰብ። አስቸኳይ ነው። ሃይሉክሷ መብራቷ ይበራል ግን አያሳይም፣ እንደ ሻማ ነው። ሸዋ ሮቢት ነኝ፤ ሽንኩርት ጭኛለሁ። ሲነጋ አዲስ አበባ መድረስ አለብኝ። የጣርማ በርን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። አምፖል ትናንት ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ባትሪ ልግዛ ወይስ ነጩን ኤልኢዲ ላስገባ? እዚህ ያለው መካኒክ ኤልኢዲ ይላል።

የኮምቦልቻው፦ የስንት ሞዴል ናት? አንዱ ነው ሁለቱም? አጭሩም ረጅሙም መብራት? ነዳጅ ስትሰጣት ይደምቃል? ይህን ሳትነግረን ምን እንበልህ ወንድሜ።

ዘመናይ፦ ኤልኢዲ አስገባና ተገላገል። እኔ አስገብቼ ሌሊቱ ቀን ሆኖልኛል።

ሹፌር ነኝ፦ ላንተ ቀን ሆነ፣ ከፊት ለሚመጣው ግን ጨለመበት። እንዳንተ ያለው ነው በየዳገቱ ዓይናችንን የሚያጠፋው።

ሚሚ ጋራዥ፦ የመብራቱ መስተዋት ቢጫ ሆኖ ከሆነ በጥርስ ሳሙና እሸው። በእርጥብ ጨርቅ፣ ክብ ክብ እያደረግህ።

ባለ ጭነቱ፦ ሁለቱም ነው። አጭሩም ረጅሙም። ነዳጅ ስሰጣት ትንሽ ይደምቃል። ሞዴሉን ሊብሬ ላይ ማየት አለብኝ፣ አሮጌ ናት በቃ። ቶሎ በሉኝ እባካችሁ።

መምህር ቮልት፦ ትንሽ ላስረዳ፣ ታገሱኝ። የባትሪው ጉዳይ በመጀመሪያ ይቅር። ሞተር ከተነሳ በኋላ መብራቱን የሚመግበው ዲናሞው ነው። ዲናሞው ደህና ከሆነ ባትሪው ጫፍ ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ታገኛለህ። ጥያቄው ከዚያ ውስጥ ስንቱ አምፖሉ ጋ ይደርሳል የሚለው ነው። የተለመደው ኤች 4 አምፖል ረጅሙ 60፣ አጭሩ 55 ዋት ነው። ረጅሙን ስታበራ ሁለቱ አምፖሎች አንድ ላይ ወደ 10 አምፔር ይስባሉ። አሮጌ መኪና ላይ ይህ ሁሉ ኃይል በቀጭን ገመድ መሪው ጋ ወዳለው ማብሪያ ሄዶ ነው የሚዞረው። ገመዱ አርጅቷል፣ የማብሪያው ጥርስ ተቃጥሏል፣ ሶኬቱ ዝጓል። በየቦታው ትንሽ ትንሽ ይበላል። ሃሎጅን ላይ ክፋቱ ደግሞ ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ 30 በመቶ ግድም መውረዱ ነው። ስለዚህ ቅድሚያ መለካት እንጂ...

ቀልደኛው፦ መምህር፣ ሰውየው ሽንኩርት ጭኗል። ትምህርቱ ሲያልቅ ይበቅላል።

የልደታ ልጅ፦ በጥርስ ሳሙና ሞክረኸዋል? በጣም ይሠራል።

ሚሚ ጋራዥ፦ እኔ ብዬዋለሁ እኮ።

የኮምቦልቻው፦ የጥርስ ሳሙና የሚሠራው ፊቱ ፕላስቲክ ከሆነ ነው። ያውም ለጥቂት ጊዜ፤ ከፀሐይ የሚከላከለው ልባስ ከተነሳ ተመልሶ ይደበዝዛል። የቆዩት ፒካፖች ብዙዎቹ መስታወት ናቸው። ባለ ጭነቱ፣ ያንተ የቱ ነው? ለማንኛውም መምህር ያለው ልክ ነው። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ተዋስ። ሞተሩን አስነሳ፣ አጭሩን አብራ። መጀመሪያ ባትሪው ላይ ለካ። ከዚያ አምፖሉን ሳትነቅል ከሶኬቱ ጀርባ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች አስገብተህ ለካ። አምፖሉ ካልበራ ልኩ ይዋሽሃል፣ ችግሩ የሚታየው ጭነት ሲኖር ነው። ሁለቱን ቁጥሮች እዚህ ጻፍ።

ጋሽ ጥንቃቄ፦ ልጄ፣ ችግሩ መብራቱ አይደለም፣ ሌሊት መንዳትህ ነው። ያንን መንገድ ማታ ጭነት ይዞ መውጣት ምን የሚሉት ነገር ነው? ጠዋት ውጣ።

ባለ ጭነቱ፦ ጋሼ እውነትዎን ነው፣ ግን ገበያው ሲነጋ ነው። እዚህ ያለውን ሙቀት ደግሞ ያውቁታል፣ አንድ ቀን ቢያድር ሽንኩርቱ ይበላሻል። ቴስተር አግኝቻለሁ። ባትሪው ላይ 13.9። ሶኬቱ ላይ 11.4።

የኮምቦልቻው፦ ይኸው! 2.5 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ግማሹ ብርሃንህ ገመድ ሲያሞቅ ነው የሚያመሸው። ባትሪም ኤልኢዲም አትግዛ።

ዘመናይ፦ 100 ዋት አምፖል ቢያስገባስ? ሶማሌ ተራ ሞልቷል።

የኮምቦልቻው፦ በዚህ ገመድ? ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ማብሪያውም ይከተላል። 55 ዋት ያቃተውን ገመድ 100 ብትጭንበት ምን ይሆናል?

ባለ ጭነቱ፣ ለዛሬ ይህን አድርግ። የባትሪውን ጫፎች ፈተህ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳ። ከባትሪው ወደ ሻንሲውና ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ማሳ (የኔጌቲቩን ገመድ) ፍታ፣ ቆርቆሮው እስኪያበራ ፈግፍገው፣ መልሰህ እሰር። የአምፖሉን ሶኬት አውጣና ጥርሶቹን እያቸው። አረንጓዴ ዝገት ካለ ጥረገው፣ ጥርሱ ከላላ በፒንሳ ትንሽ ጠበቅ አድርገው። ጠቁሮ ከቀለጠ ግን ሶኬቱን ቀይር። የዲናሞውንም ቺንጋ ተጫነው፣ ከላላ ወጥረው። ይህ ብቻ ግማሽ ወይም አንድ ቮልት ሊመልስልህ ይችላል።

ዋናው መድኃኒት ሪሌ ነው፣ በትንሽ ኃይል ተቀስቅሶ ትልቁን ኃይል የሚያሳልፍ ማብሪያ ማለት ነው፤ ጎበዝ ኤሌትሪሺያን ካለ ዛሬውኑ ይጨርሰዋል። ሁለት ባለ 12 ቮልት ሪሌ፣ አንዱ ለአጭር አንዱ ለረጅም። 30 የሚለው እግር በ20 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው በቀጥታ፣ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን። ከ87 በወፍራም ገመድ፣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር በቂ ነው፣ ወደ አምፖሎቹ። 85 እና 86 ላይ የድሮው ሶኬት ገመዶች ይገባሉ። ያ ቀጭን ገመድ ከእንግዲህ ሥራው ሪሌውን መቀስቀስ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ለኤሌትሪሺያኑ ንገረው። ብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ማብሪያው የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ሳይሆን ማሳውን ነው። ሶኬቱ ላይ ያለው የጋራ ገመድ ፖዘቲቭ ነው ማለት ነው። ይህን ሳያይ ገመድ የቀጠለ ፊውዝ ሲያቃጥል ይውላል። አምፖሎቹን አዲስ ሶኬትና አዲስ ማሳ ከሰጣቸው ጣጣ የለውም።

ከዴንቨር፦ ወንድሜ እዚህ ሪሌውም ሶኬቱም ተገጣጥሞ ያለቀለት ገመድ ይሸጣል። ሰክተህ ሁለቱን ጫፍ ባትሪ ላይ ማሰር ነው። ለምን ትለፋለህ?

ቀልደኛው፦ እስኪደርስ ሽንኩርቱ ወጥ ሆኖ ይጠብቅሃል።

ሹፌር ነኝ፦ ሌላም አለ። ጭነት ስትጭን ኋላዋ ይወርዳል፣ አፍንጫዋ ይነሳል። መብራቱ ዛፍ ላይ ይወጣና መንገዱ ይጨልምብሃል። ለጥ ያለ ቦታ ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር ራቅና፣ እንደተጫነች፣ አጭሩን አብራ። የመብራቱ የላይኛው ጠርዝ ከአምፖሉ ከፍታ 5 ሳንቲም ያህል ዝቅ ብሎ መውደቅ አለበት። ማስተካከያው ከመብራቱ ጀርባ ወይም ጎን ያለው ብሎን ነው፣ ካቻቢቴ ይበቃዋል። ጭነቱን ስታራግፍ መልሰው እንጂ ባዶዋን ስትነዳ ጎማህን ብቻ ነው የምታየው።

መምህር ቮልት፦ መብራቱን ሙሉ በሙሉ ለመቀየር ካሰብክ ደግሞ ተጠንቀቅ። ከጃፓን የመጣ ያገለገለ መብራት እዚያ በግራ ለሚነዳ የተሠራ ነው። አጭሩ ወደ ግራ ከፍ ይላል። እኛ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነው የምንነዳው። ያ ከፍታ በቀጥታ የሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥ ነው የሚያርፈው። በብሎን አይስተካከልም።

ዘመናይ፦ የዓመተ ምህረት ትምህርትም ተጀመረ።

ጋሽ ጥንቃቄ፦ እሺ፣ መሄዱ ካልቀረ ስማኝ። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ከገባ ረጅሙን እንዳታበራ። ነጭ ግድግዳ ነው የሚሆንብህ። አጭር አድርግ፣ ከጠርዙ መስመር ጋር ተራመድ፣ ካልታየህ ሰፊ ቦታ ፈልገህ ጥግ ያዝ። የፊት መስታወትህንም ከውስጥ ጥረገው። ሲጋራ የሚያጨስ ረዳት ካለህ የጢሱ ሽፋን ብቻውን ግማሽ መብራት ነው የሚበላው።

ባለ ጭነቱ፦ አላጨስም ይላል፣ መስታወቱ ግን ሌላ ይናገራል 😄 ማሳውን እየፈታሁ ነው። ብሎኑ ዝጎ እምቢ ብሏል።

የኮምቦልቻው፦ ትንሽ ናፍታ አፍስበትና ጠብቀው። አምፖሉን ስታወጣ መስታወቱን በጣትህ አትንካው፣ ቅባቱ ያቃጥለዋል። ጨርሰህ እንደገና ለካ። ሶኬቱ ላይ ከ13 በላይ ካየህ ደህና ነው።

ነጋዴዋ፦ ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። የኛ አይሱዙ ላይም እንደዚሁ ነው፣ መብራቱ ደክሟል። ይኸው ሪሌ ይሠራል?

የኮምቦልቻው፦ ይሠራል እህቴ፣ ግን አይሱዙሽ ባለ 24 ቮልት ናት። ሪሌውም ባለ 24 ይሁን። አምፖሉም እንደዚያው፣ 75/70 ዋት የሚለውን ነው የምትገዢው። ሹፌሩ ባለ 12ቱን እንዳይሰካው ንገሪው፣ ወዲያው ነው የሚነደው።

የልደታ ልጅ፦ አይሱዙ ላይ የጥርስ ሳሙናም ይሠራል።