በእርሻ በተከበበ 80 ኤከር ላይ የአደን ማማውን የት ላቁም?

አሜሪካ፣ ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ውስጥ ነጭ ጅራት አጋዘን የምታድኑ፣ እቅዴ አንድ ቦታ ላይ ቆሞብኛልና እርዱኝ።

የጠመንጃ ወቅቱ የሚከፈተው ለኖቬምበር 6 በሚቀርበው ቅዳሜ ነው (ደግነቱ የነቢያት ጾም ሳይገባ)። ያለኝ ለሕዝብ አደን ክፍት የሆነ 80 ኤከር (32 ሄክታር ገደማ) ብቻ ነው፤ ዙሪያው በሙሉ የግል በቆሎና አኩሪ አተር። አጋዘኖቹ ቀን የሚተኙት ከደቡብ ምሥራቁ ጥግ ባሻገር፣ የግል መሬት ውስጥ ባለ ፊላ የበቀለበት ረግረግ ነው። ሲመሽ የጅረቱን ዳር ይዘው ወደ ሕዝቡ መሬት ይወጣሉ። ዱካቸውም፣ ወንዶቹ በቀንዳቸው የላጡት የዛፍ ልጥም ይህንኑ ያሳያል።

ችግሩ ነፋስ ነው። መኪና ማቆሚያው ሰሜን ምዕራብ ጥግ ላይ ብቻ ነው፤ በዚያ ሰሞን የሚበዛውም የሰሜን ምዕራብ ነፋስ። ከዚያ ስገባ ጠረኔ ቀጥታ መኝታቸው ላይ ይደርሳል። በደቡብ ዞሬ ልግባ ብል 300 ሜትር ያህል የሰው እርሻ ማለፍ አለብኝ፤ የእርሻ መሬት ደግሞ ምልክት ባይለጠፍበትም ያለ ፈቃድ አይረገጥም።

የካውንቲው ካርታ ላይ ያለው የባለቤቱ ስም ነው፤ የሚያርሰው ግን ተከራይ ነው። ማንን ላስቀድም? ባለቤቱ እሺ ብሎ ተከራዩ ቢቀየም ለከርሞ በሩ ይዘጋል። የቆሰለ አጋዘን ድንበር ቢሻገር ገብቼ እንዳወጣውስ አብሬ ልጠይቅ ወይስ ጥያቄ ሲበዛ ያስፈራቸዋል?

በቆሎው እስከዚያ ካልታጨደ ደግሞ አጋዘኖቹ እዚያው ውስጥ ይውላሉ፤ የጅረቱ ዳር ባዶ ይሆናል። ያኔ ማማውን ወደ በቆሎው ጠርዝ ታዞሩታላችሁ ወይስ ኮምባይነሩ እስኪገባ ትጠብቃላችሁ?