«መጀመሪያ የሚታየው ታካሚ የትኛው ነው?» የሚለው የኤንክሌክስ ጥያቄ አስቸገረኝ

ሰላም እህት ወንድሞቼ። አገር ቤት 6 ዓመት ዋርድ ላይ የሠራሁ ነርስ ነኝ፤ አሁን ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ለኤንክሌክስ፣ ማለትም አሜሪካ ውስጥ የነርስነት ፈቃድ ለማግኘት ለሚወሰደው ፈተና፣ 5 ሳምንት ቀርቶኛል። የመድኃኒት ስሌቱ ብዙም አያስጨንቀኝም፤ የሚጥለኝ የቅድሚያ ጥያቄ ነው።

ትናንት የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንዱ ታካሚ ሲኦፒዲ (ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ) አለበት፣ የደሙ ኦክስጅን 90 በመቶ ነው። ሌላዋ ታይሮይዷ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) በቀዶ ሕክምና ከወጣ 1 ቀን ሆኗታል፣ ከንፈሯ ዙሪያ ይደነዝዛታል። «ትንፋሽ ይቀድማል» ብዬ እሱን መረጥኩ፤ ተሳሳትኩ። ማብራሪያውን ሳነበው ግልጽ ነው፦ ሲኦፒዲ ላለበት ሰው 90 የሚጠበቅ ነው፤ መደንዘዙ ግን ካልሲየሟ መውረዱን ይጠቁማል፣ የአየር ቧንቧዋ ሊዘጋ ይችላል። ቀጣዩ ጥያቄ ላይ ያንኑ ስህተት ደገምኩት። ሥራ ላይ እኮ እንዲህ ያለችውን ታካሚ አላልፋትም ነበር! ስክሪን ላይ ሲሆን ነው የሚጠፋብኝ።

ፈተናውን ያለፋችሁ፣ ጥያቄውን ስታነቡ መጀመሪያ የምትፈልጉት ምኑን ነው? የተሳሳቱትን ምርጫዎች ማብራሪያስ ሁሉንም ታነባላችሁ? ስድስት ስድስት ጥያቄ ያላቸው 3ቱ ኬዞችም (የታካሚ ታሪኮች) ጊዜዬን ይበሉብኛል። በአማርኛ እየተወያየ አብሮኝ የሚያጠና ካለ፣ ከሌሊት ሥራ የምወጣው ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ከ3 ሰዓት በኋላ እመቻለሁ።