አዲስ ኤሌክትሪክ ጊታር 13ኛው ፍሬት ላይ ድምፁ ይታፈናል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት አዲስ አበባ ነው። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ካርቶኑ እንኳ ያልተከፈተ አዲስ ኤሌክትሪክ ጊታር አምጥቶልኛል። ቀለሙና አጨራረሱ በጣም ያምራል፤ አንገቱ ላይ ግን ችግር አለ።

ቀጭኗን ክር 13ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) ላይ ይዤ ስመታት ድምፁ ወዲያው ይሞታል፤ 15ኛው ላይ ጥርት ብሎ ይወጣል። ትዝታ ስጫወት ክሩን ገፋ አድርጌ ድምፁን ላስረዝም ስል ደግሞ ጭራሽ ይታፈናል። አጭር የብረት ማስመሪያ ሦስት ሦስት ፍሬት ላይ እያስቀመጥኩ ስፈትሽ 14ኛው ላይ ሲደርስ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ከጎረቤቶቹ ከፍ ያለው እሱ ነው። የአንገቱን ትረስ ሮድ (ውስጡ ያለውን፣ የአንገቱን ጉብጠት የሚያስተካክለውን ብረት) አስተካክያለሁ፣ ለውጥ የለም። ብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ክፍል) ላይ ክሮቹን ከፍ ሳደርጋቸው ድምፁ ይሻላል፤ ያኔ ግን ለጣት ይከብዳል፣ ላይኛዎቹ ፍሬቶች ላይም ቅኝቱ ይዛባል።

የፍሬቶቹ ጫፍም እጅ ይቧጭራል። ይሄኛው በበጋው ድርቀት እንጨቱ ሲኮማተር የሚመጣ ስለሆነ በሞረድ ይስተካከላል፤ ብዙም አላሳሰበኝም።

ሻጩ «መልሰህ ላክ» ይላል፤ የመላኪያው ዋጋ ግን የሚቀመስ አይደለም።

ጥያቄዬ፦ 14ኛው ፍሬት ከተተከለበት ጎድጓዳ ተነስቶ ከሆነ በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ብሎ መልሶ ማስገባት ይበቃል? ወይስ ሁሉንም ፍሬቶች አንድ ላይ ማስተካከል ግድ ነው? ይህን ሥራ በጥንቃቄ የሚሠራ ባለሙያ እዚህ ከተማ ውስጥ የምታውቁ ካላችሁም እባካችሁ ጠቁሙኝ። ጊታሩን በጣም ወድጄዋለሁ፣ እንዳይበላሽብኝ እፈራለሁ።