«ሰብሳቢ» ስንል ማንን ነው? የድሮ ኮሚክ ወዳጆች ቃላት

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በቅርቡ የድሮ የአሜሪካ ኮሚክ (ታሪክን በተከታታይ ሥዕል የሚተርክ መጽሔት) የሚወዱና የሚሰበስቡ ሰዎች ማኅበር ገብቻለሁ። እየተገናኙ ያላቸውን ያሳያሉ፣ ይለዋወጣሉ፣ የቱ ሠዓሊ እንደሚበልጥ ይከራከራሉ። ያወቁትን የማይደብቁ ሰዎች ናቸው። እኔን አዲሱን አስቀምጠው ከሀ እስከ ፐ ያስተምሩኛል።

ከመካከላቸው ሁለት የአገሬ ልጆች አሉ። ሦስታችን በአማርኛ ማውራት ስንጀምር ግን ግማሹ እንግሊዝኛ ይሆንብናል። አዲስ አበባ ላለው አባቴ በስልክ «ሰብሳቢ ሆኛለሁ» ብለው «የምን ኮሚቴ?» አለኝ።

እስቲ እርዱኝ። ሰብሳቢውን ምን እንበለው? «ኮሚክ»ን እንዳለ እንውሰደው? «ቪንቴጅ»ን «ጥንታዊ» ብንለው ያስኬዳል? እነሱ «ሚንት»፣ «ስላብ»፣ «ግሬይል» ለሚሏቸውስ ከእኛ ቤት ምን አለ? (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ነጠላ ሰረዝ፦

እንኳን ደህና መጣህ። አባትህ ልክ ናቸው። «ሰብሳቢ» ብቻውን ሲቆም ስብሰባ የሚመራ ሰው ነው። «የቦርድ ሰብሳቢ»፣ «የኮሚቴው ሰብሳቢ» እንላለን። ከፊቱ ስም ሲያገኝ ግን ይለወጣል። «ግብር ሰብሳቢ» ስትል ማንም ስለ ስብሰባ አያስብም። «ቴምብር ሰብሳቢ» ደግሞ የአንተኑ ጉዳይ የያዘ ነው። ይህን ቃል ሰው ሁሉ ሳይቸገር ይረዳዋል። ስለዚህ «የኮሚክ መጽሔት ሰብሳቢ» በል፤ ስሙን አታስቀርበት።

«አሰባሳቢ» ሊሉህ ይችላሉ። እኔ አልወደውም። አሰባሳቢ የተበተነ ሰው ወይም ገንዘብ ወደ አንድ ቦታ የሚያመጣ ነው፤ «የእርዳታ አሰባሳቢ» እንደምንለው። «አጠራቃሚ»ም አይሆንም። አጠራቃሚ የሚያየው ብዛቱን ነው። ሰብሳቢ ይመርጣል፤ የቱ ቁጥር በእጁ እንዳለ፣ የቱ እንደጎደለው ያውቃል።

«ኮሚክ» ይከብዳል። አማርኛ ቃሉን ቀደም ብሎ ወስዶ ለሌላ ሥራ አውሎታል። «እሱ ኮሚክ ነው» ስንል የሚያስቅ ሰው ማለታችን ነው። እንግሊዝኛውም የተነሣው ከዚያው ነው። በመጀመሪያ ጋዜጣ ላይ የሚወጡ፣ የሚያስቁ ተከታታይ ሥዕሎች ነበሩ። በ1930ዎቹ እነዚያ ሥዕሎች ተሰብስበው በመጽሔት መልክ መታተም ጀመሩ። ከዚያ ሳቁ እየቀነሰ ሄደ፣ ስሙ ግን አልተለወጠም። በ1938 ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር ሱፐርማንን ይዘው ሲመጡ ታሪኩ የሳቅ ታሪክ አልነበረም፤ መጽሔቱ ግን «አክሽን ኮሚክስ» ነበር የሚባለው።

እኔ «ኮሚክ መጽሔት» እላለሁ እንጂ «ኮሚክ መጽሐፍ» አልልም። ቀጭን ነው፣ በሽቦ የተያያዘ ነው፣ ቁጥር እየተሰጠው በየጊዜው ይወጣል። እንዲህ ያለውን እኛ መጽሔት ነው የምንለው። ደግሞም «መጽሔት» ሲከተለው ሰሚው ቀልደኛውን ሰው ይረሳዋል። «ሥዕላዊ ታሪክ» ያምራል፣ ግን በጣም ሰፊ ነው። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በየክፍሉ ተከፋፍሎ፣ ከሥሩም በአማርኛ ተጽፎበት የሚሣልበት ሸራም ሥዕላዊ ታሪክ ነው። «ካርቱን» ካልክ ደግሞ ሰው የሚያስበው ወይ የጋዜጣ ሥዕል ወይ ልጆች ቴሌቪዥን ላይ የሚያዩትን ነው።

የጉለሌዋ፦

«ጥንታዊ»ን ተወው ወንድሜ። ጥንታዊ አክሱም ነው። የ1962 መጽሔት የወላጆቻችን እኩያ ነው። «አሮጌ»ንም ተወው፤ አሮጌ ያልነው ነገር መጨረሻው ቆራሊዮ ነው። «የድሮ» በለው። የድሮ ዘፈን፣ የድሮ ፎቶ፣ የድሮ ሰው። ሰው «የድሮ» ሲል ናፍቆት አለበት፤ «አሮጌ» ሲል ሊጥለው ነው።

መለዋወጡን ደግሞ «ልዋጭ» በሉት። ልዋጭ እየዞረ በአሮጌ ልብስ ዕቃ የሚሰጠው ሰው ነው፤ የሚለወጠውም ነገር እንደዚያው ይጠራል። «ይቺን ለልዋጭ አውጥቻታለሁ» ስትል ገንዘብ እንደማትፈልግ ሰው ይገባዋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

«የድሮ» ገባኝ፣ አመሰግናለሁ እህቴ። ግን ሰብሳቢዎቹ የድሮውንም በዘመን ይከፋፍሉታል። ከ1938 እስከ ሃምሳዎቹ አጋማሽ ድረስ ያለው ወርቃማው ዘመን ነው። በ1956 ፍላሽ የሚባለው ጀግና በአዲስ መልክ ከተመለሰበት ጀምሮ ያለው የብር፣ ከ1970 ገደማ ወዲህ ያለው ደግሞ የነሐስ ይባላል። ቃል በቃል ልመልሰው?

ነጠላ ሰረዝ፦

«ወርቃማው ዘመን» ያስኬዳል፣ በአማርኛም የኖረ አነጋገር ነው። ሁለቱ ግን ያሰናክላሉ። «የብር ዘመን» ስትል ሰሚው ገንዘብ ነው የሚመጣለት። «የነሐስ ዘመን» ደግሞ የታሪክ ትምህርት ነው፤ ሰው ከድንጋይ መሣሪያ ወደ ብረታ ብረት የተሻገረበት። ዓመቱን ጥራና ተገላገል። «የስድሳዎቹ ኮሚክ»፣ «የሰባዎቹ ኮሚክ» በል።

ብራና፦

ልጆች፣ እኔ ያደግሁት መጽሐፍ ሲጠረዝ እያየሁ ነው። ስለ ጉዳቱ ቃላት እኔን ጠይቁኝ። እንግሊዝኛውን አንድ በአንድ እየተረጎማችሁ አትድከሙ። በእኛ ቤት እያንዳንዱ የወረቀት ጉዳት ስም አለው።

ወደ ቢጫ ሲሄድ «ወየበ» ነው። ቀለሙ ሲለቅ «ደበዘዘ»። እርጥበት ገብቶበት ከሆነ «ሻገተ»፣ ነፍሳት ከበሉት «ብል በላው»። ጥጉ «ታጠፈ»፣ መሀሉ «ተጨማደደ» እንላለን። ሽፋኑ ከሽቦው ሲላቀቅ «ተገነጠለ»፤ ቁራጭ ሲነሣለት «ተቦጨቀ»። ሽቦው ሲዝግ ዝገቱ ወረቀቱን «በከለው» ይባላል። ሲነኩት እጅ ላይ የሚቀረውን «ይፈረፈራል» እንለዋለን። «ተበላሽቷል» ብሎ ማለፍ ግን ለሰብሳቢ ምንም አይነግረውም። የወየበ መጽሔት ሙሉ ሊሆን ይችላል። የተቦጨቀው ጎድሏል።

ምክንያቱን ማወቅም ይጠቅማል። የድሮ ኮሚክ የታተመው በርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ ሊግኒን የሚባለው የእንጨቱ ንጥረ ነገር ውስጡ ይቀራል። ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይወይባል፣ አሲዱም ወረቀቱን እያደረቀ ይጎዳዋል። ብራና ከቆዳ ስለሆነ ይህ በሽታ የለበትም። አምስት መቶ ዓመት የኖረ ብራና ዛሬም ይገለጣል። የሰማንያ ዓመት ኮሚክ ሲገለጥ ግን የገላጩ እጅ ይንቀጠቀጣል።

በዚያ ላይ ወረቀቱ የተሠራው እንዲኖር ተብሎ አልነበረም። በአሥር ሳንቲም ተገዝቶ፣ ተነቦ፣ ይጣል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች ለጦርነቱ ወረቀት ሲያዋጡ ብዙ ኮሚክ አብሮ ሄደ። የአርባዎቹ መጽሔት ዛሬ ብርቅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። «ብርቅ» በሉ እንግዲህ፣ «ሬር» አትበሉ። ብርቅ የሚናፈቅም የማይገኝም ነው።

ለማስቀመጫው ፕላስቲክ ከረጢት ደግሞ «ማኅደር» የሚለውን አቀርባለሁ። ማኅደር የብራና መጽሐፍ የሚቀመጥበት፣ በማንገቻ የሚንጠለጠል የቆዳ ከረጢት ነው። ከአቧራና ከእጅ ይጠብቃል። ሥራቸው አንድ ነው። ይህ ቃል ከቤተ ክህነት ወጥቶ በእናንተ ሣጥን ውስጥ ቢኖር በእውነት ደስ ይለኛል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጋሼ ብራና፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ወየበ»ን ለሁለቱ ጓደኞቼ ወዲያው ላክሁላቸው።

አሁን ደረጃው ነው የቸገረኝ። ሲጂሲ የሚባል ድርጅት አለ፣ በ2000 ሥራ የጀመረ። መጽሔቱን መርምሮ እስከ 10 ነጥብ ይሰጠውና ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ይዘጋበታል። «ስላብ» የሚሉት ያንን ነው። ከነጥቦቹ ጋር የሚሄዱ ስሞችም አሉ። 2.0 «ጉድ»፣ 4.0 «ቬሪ ጉድ»፣ 6.0 «ፋይን» ይባላል። ከአሥር ሁለት ያገኘ መጽሔት በአማርኛ «ጥሩ» ብዬ ብሸጥ ገዢው አታለልከኝ ይለኛል።

ነጠላ ሰረዝ፦

ይለሃል፣ እውነቱንም ነው። «ጉድ» ብለህ በፊደላችን ብትጽፈውም አንባቢው «ጉድ ነው!» ብሎ ነው የሚያነበው።

ስሞቹ ከቁጥሩ በፊት የነበሩ ናቸው። ከ1970 ጀምሮ የኦቨርስትሪት የዋጋ መመሪያ እየወጣ ሰዎቹም ዓይናቸው እየጠነከረ ሲሄድ፣ «ጉድ» የሚለው ቃል ዝቅ ባለ ደረጃ ላይ ቀረ። የእነሱን ታሪክ እኛ መሸከም የለብንም። ለ2.0 «ይነበባል» በል። ብዙ እጅ አይቷል፣ ግን ታሪኩ አልጎደለም። ለ4.0 «ደህና»፣ ለ6.0 «ጥሩ»፣ ለ8.0 «በጣም ጥሩ»። ከ9 በላይ ሲሆን «እንዳዲስ»። «ሚንት» የተወሰደው ገና ከመቅረጫው ከወጣ ሳንቲም ነው። ለእሱ «ከማተሚያ ቤት እንደወጣ» በል፤ ትንሽ ቢረዝምም ማንም አይሳሳተውም። ቁጥሩንም ሁልጊዜ አብረህ ጥራ።

የጉለሌዋ፦

«ስላብ»ን «እሽግ» እንዳትሉት። ሞባይል ቤት «እሽግ» ማለት ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ማንም ያልነካው አዲስ ዕቃ ነው። የእናንተ መጽሔት ደግሞ ስንት ልጅ አንብቦት፣ ተቦጭቆም ሊታሸግ ይችላል። «4.0 አግኝቶ የታሸገ» ሲባል ነው ነገሩ የሚጠራው።

ስለ ተጠገነውም ልጨምር። «ታድሷል» አትበሉ። ታደሰ የሚያስደስት ቃል ነው፤ ቤትም መንጃ ፈቃድም ይታደሳል። ሰብሳቢዎቹ ዘንድ ግን ቀለም የተቀባለት ወይም ቁራጭ የተለጠፈለት ኮሚክ ዋጋው ይወርዳል። ሲጂሲም ለይቶ ሐምራዊ ምልክት ነው የሚሰጠው። «ተጠግኗል» ይበቃል። ጥገና የተጎዳ ነገር እንደነበረ ይናገራል፣ አይደብቅም።

ብራና፦

ማኅበሩን በተመለከተ አንድ ነገር ላንሣ። እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ የተገናኙት በደብዳቤ ነው። ስድሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ሱፐርማንን የሚያሳትመው የዲሲ ኩባንያ አዘጋጅ ጁሊየስ ሽዋርትዝ የአንባቢ ደብዳቤዎችን ከነሙሉ አድራሻቸው ማተም ጀመረ። አንባቢዎች በዚያ አድራሻ ተጻጻፉ። ጄሪ ቤይልስ ዲትሮይት፣ ሮይ ቶማስ ሚዙሪ ሆነው ተጻጽፈው ነው በ1961 «አልተር ኢጎ» የሚባለውን የወዳጆች መጽሔት የጀመሩት። በማባዣ መሣሪያ ነበር የተባዛው። ቶማስ ኋላ የሌላው ትልቅ የኮሚክ አሳታሚ፣ የማርቭል፣ ዋና አዘጋጅ ሆነ።

ይህንን እኛ በደንብ እናውቀዋለን። የብዕር ጓደኝነት ነው። አድራሻውን ከመጽሔት ላይ ቀድቶ የማያውቀውን ሰው «ውድ የብዕር ጓደኛዬ» ብሎ የጻፈ ትውልድ «ፋንደም» (የወዳጆች ማኅበረሰብ) ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። ስለዚህ «አድናቂ» ለእነዚህ ሰዎች ያንሳል። አድናቂ ከሩቅ ያጨበጭባል። «ወዳጅ» በሏቸው። «የኮሚክ ወዳጆች»። አንተም «ማኅበሩን ተቀላቀልሁ» ሳትል «ማኅበር ገባሁ» ማለትህን ወድጄልሃለሁ። አማርኛው እሱ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል ጋሼ። ወዳጆች እንላቸዋለን።

የቀረኝ «ግሬይል» ነው። ሰብሳቢ ዕድሜውን ሙሉ የሚፈልገው እትም ማለት ነው። የብዙዎቹ «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ነው። በ1938 ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር፤ በ2024 አንድ ቅጂ በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ሲገልና ሹስተር ለሱፐርማን መብት የተከፈላቸው 130 ዶላር ነበር። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ይከፋኛል።

እኔ ሚሊዮኑን አልመኝም። የምፈልገው «ፋንታስቲክ ፎር» ቁጥር 52 ነው፣ የሐምሌ 1966። ብላክ ፓንተር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት ነው። ጸሐፊው ስታን ሊና ሠዓሊው ጃክ ከርቢ አንድ አፍሪካዊ ንጉሥ፣ ከማንም በላይ የሠለጠነች አገር ይዞ እንዲመጣ አደረጉ። በአሜሪካ ገና ስለ ጥቁሮች ድምፅ መስጠት መብት ደም በሚፈስበት ዘመን ነው ይህ። እንኳን እኔ፣ ያኔ በአሥራ ሁለት ሳንቲም የገዛው ጥቁር ልጅ ምን ተሰምቶት ይሆን? «ዓይኔን ጥየበታለሁ» ብል ይሆናል?

ነጠላ ሰረዝ፦

«ዓይን መጣል» መመኘት ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው የሆነን ነገር ነው። መሬት ላይ ዓይን ይጣላል፣ የሰው ንብረት ላይ ዓይን ይጣላል። ሱቅ ውስጥ ላለ መጽሔት ችግር የለውም። የሰው ሣጥን ውስጥ ላለ ግን ባለቤቱን ያስደነግጠዋል። ለ«ግሬይል» የሚቀርበው «ሳላገኘው እንዳልሞት» የምንለው ነው። «የሳላገኘው እንዳልሞት ቁጥሬ» ብትል ከቃሉ ይረዝማል፤ ስሜቱን ግን ይዞታል። ሲያጥር «ምኞቴ» በል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እሺ። እንግዲያው ለመጨረሻ ጊዜ ላስቸግራችሁ። ከማኅበራችን አንዱ አዛውንት የአገራችን ሰው ናቸው፤ ቁጥር 52 ሁለት ቅጂ አላቸው። አንደኛው ወይቧል፣ ሽፋኑም ከአንዱ ሽቦ ተላቋል፤ ለእኔ ይበቃኛል። በምን ቃል ልጠይቃቸው? ገንዘብ ማንሣቱን ፈራሁት።

የጉለሌዋ፦

መጀመሪያ የሚሰጡትን ሳይሆን የያዝከውን አሳያቸው። ከዚያ «ጋሼ፣ የወየበችውን ለልዋጭ ያወጧታል?» በላቸው። እምቢ ካሉም አይከፋቸውም። እሺ ካሉ ደግሞ ምን እንደሚጎድላቸው ራሳቸው ይነግሩሃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ፍለጋ ነው።