የወንድሜ መብት እንዳይዘጋ ምን እናድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል እስር ቤት ነው። ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምቶ ጥፋቱን አምኖ ነው የተፈረደበት። ይግባኝ አላለም። ቅጣቱን ያከበደበት የድሮ ጥፋቱ ነው፤ ያ መቆጠር አልነበረበትም ብለን እናምናለን።

አንቀጽ 2255 በሚባለው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ (እስረኛ ቅጣቱን ለፈረደበት ፍርድ ቤት አቤት የሚልበት) ቅጣቱን ለመቃወም ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ያለው 1 ዓመት ነው። ይግባኝ ላላለ ሰው ደግሞ ፍርዱ ከተመዘገበ 14 ቀን ሲያልፍ መቆጠር ይጀምራል። በእርሳስ ጽፎ በላከልኝ ደብዳቤ ላይ ቀኑን ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ጭንቀታችን ይሄ ነው። አሁን አስገብቶ ውድቅ ቢሆንበት፣ ሁለተኛ ለማስገባት የይግባኝ ሰሚውን ፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል፤ እሱን ማግኘት ደግሞ በጣም ከባድ ነው። ሕጉ ይቀየራል ብሎ ቢጠብቅ ቀኑ ያልፍበታል። በዚያ ላይ ስምምነቱ ውስጥ "ቅጣቱን ወደፊት አልቃወምም" ብሎ ፈርሟል። ጠበቃዬ በአግባቡ አልተከራከረልኝም የሚለው አቤቱታም በዚህ ፊርማ ይቀርበታል?

በመጨረሻው ቀን እንኳን ለእስር ቤቱ ፖስታ ካስረከበ በጊዜው እንደገባ እንደሚቆጠር አውቃለሁ። ግን እዚያ ድረስ መጎተት አልፈልግም። በዚህ ያለፋችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ጉዳይ የያዘ አማርኛ የሚችል ጠበቃ የምታውቁ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እናታችን በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ የምመልስላት የለኝም።