አማራንታ ክፉ ናት ወይስ ፈሪ?

ሀ፦ የገብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝን «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» ልብ ወለድ ጨርሰን ስንወያይ አብዛኞቻችን የቡዌንዲያ ቤተሰብ ልጅ የሆነችውን አማራንታን «ክፉ»፣ እዚያው ቤት አብራት ያደገችውን ሬቤካን «እብድ» ብለን አለፍናቸው። እኔ ግን ይህ ፍርድ አልተዋጠልኝም። ወንዶቹን እንዲህ አልፈረድንባቸውም። የአማራንታ ወንድም ኮሎኔል አውሬሊያኖ 32 ጊዜ አምፆ 32ቱንም ተሸንፏል፤ በስተርጅናው የሠራውን የወርቅ ዓሣ መልሶ ሲያቀልጥ «አሳዛኝ ጀግና» አልነው። አማራንታ መግነዟን ስትሠራ፣ ቀን የሠራችውን ማታ የምትተረትር እስክትመስል ስትቀመጥበት ግን «ቂመኛ» ተባለች። ሁለቱ የሚሠሩት አንድ ሥራ አይደለም እንዴ?

ለ፦ እህቴ፣ የሠራችውን አትርሺ እንጂ። ሬቤካ ሁለቱም የወደዱትን ጣሊያናዊ ፒየትሮ ክሬስፒን ከምታገባ እገድላታለሁ ብላ ዝታለች። በኋላ ሰውዬው እሷኑ ቢለምናት ብሞትም አላገባህም አለችው፤ የእጁን ደም ሥር ቆርጦ ሞተ። ይህን ፍርሃት ካልነው ክፋት የሚባል ነገር ከናካቴው የለም ማለት ነው።

ሀ፦ አድራጎቷን አልካድኩም። ግን ከሞቱ በኋላ ያለውን ተመልሰህ አንብበው። ወጥ ቤት ገብታ እጇን ፍም ውስጥ ከተተች። ቁስሉ ከዳነ በኋላም ጥቁር ፋሻውን እስክትሞት አልፈታችውም። ደግሞ እናቷን ኡርሱላን አስባት፤ ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ነው ልጇን ያየቻት። ከአማራንታ የበለጠ ሩኅሩኅ ሴት በዓለም እንዳልነበረች፣ ልክ የሌለው ፍቅርና የማይረታ ፍርሃት ሲታገሉባት ኖረው ፍርሃቱ እንዳሸነፈ ያኔ ገባት። እናትየው እንኳን ይህን ለማየት ያን ያህል ዘመን ከፈጀባት፣ እኛ በአንድ ንባብ ምን አስቸኮለን?

ሐ፦ እኔ ስለ ሬቤካ ልናገር። አፈርና የግድግዳ ኖራ መብላት በሕክምና ፓይካ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ከብረት እጥረት ጋር ይያያዛል። የወላጆቿን አጥንት በከረጢት ይዛ ሰው ቤት የመጣች፣ ጣቷን የምትጠባ ልጅ ናት። አስማቱን እያደነቅን የታመመችውን ልጅ አላየናትም።

ሀ፦ ልጅነቷ ላይ እስማማለሁ። ኡርሱላ ብርቱካን ጭማቂና ሩባርብ የተባለ ተክል በባዶ ሆዷ እያጠጣች በቀበቶም ገረፈቻት፤ ያዳናት መድኃኒቱ ይሁን ግርፊያው እንኳ አልታወቀም። ግን አድጋ የክሬስፒ ደብዳቤ ሲዘገይባት እኩለ ሌሊት ተነስታ፣ በንዴት እያለቀሰች የአትክልቱን አፈር በእፍኟ ስትውጥ የብረት እጥረት ብቻ አይመስለኝም። ስም ብንሰጠው ሐዘኗ አይቀንስም።

መ፦ ደራሲው የራሷን መግነዝ ሠርታ ጨርሳ የሞተች አክስት እንደነበረችው ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ እነዚህን ሴቶች ምልክት ብቻ አድርገን አናንብባቸው። እኔን ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። የቡዌንዲያ ወንዶች ሲከፋቸው ጦርነት አላቸው፣ ከጂፕሲዎች ጋር መጥፋት አላቸው። ሴቶቹ ያላቸው ቤት ነው። ሬቤካ ባሏ በጥይት ሲሞትባት ማድረግ የቻለችው ደጇን ዘግታ በቁሟ መቀበር ነበር።

ለ፦ ይሄኛው ከበደኝ። በሩን ሰብረው ሲገቡ አልጋዋ ላይ ተኮራምታ፣ ጣቷ አፏ ውስጥ እንዳለ መገኘቷን ረስቼው ነበር። እንደመጣች ሄደች ማለት ነው። ያም ሆኖ አማራንታን አልለቃትም፤ ሬቤካ ከእኔ በፊት ትሙትልኝ ብላ ስትጸልይ የኖረች ሴት ናት።

ሀ፦ አዎ፣ ጸልያለች። ለሬቤካ ሬሳ መግነዝ አዘጋጅታ፣ ፊቷን በምን እንደምታስተካክልላት፣ ፀጉሯን በምን እንደምትተካላት ሳይቀር አስባ ጨርሳለች። ያን ሁሉ ስታቅድ ግን በመሃል አንድ ነገር አንቀጠቀጣት፦ ብትወዳትም ኖሮ የምታደርግላት ይህንኑ ነበር።